የኮድ ጥያቄና መልስ፦ እየፈሰሰ ለሚነበብ ዳታ ታይፕ መጻፍ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች በሙሉ በአንድ ጉዳይ ዙሪያ ናቸው፦ ግዙፍ ፋይልን ሙሉውን ሚሞሪ ላይ ሳይጭኑ፣ ቁራጭ በቁራጭ እየተቀበሉ ለሚያነቡ የጃቫስክሪፕት ላይብረሪዎች የሚጻፍ የታይፕስክሪፕት መግለጫ፣ ማለትም የእያንዳንዱን ዳታ ዓይነት (ታይፕ) ለኮምፓይለሩ የሚነግር ጽሑፍ። የኮድ ቃላቱን በፊደላችን የጻፍናቸው ለንባብ እንዲመቹ ነው፤ ኤዲተር ላይ እንደወትሮው በላቲን ይጻፋሉ።

ጥያቄ፦ ብዙ ሺህ ሽያጭ የተመዘገበበትን የጄሰን ፋይል ስትሪም-ጄሰን በሚባል ላይብረሪ እናነባለን። የታይፕ መግለጫውን አንድ ባልደረባችን በአጭሩ ጽፎታል፤ እያንዳንዱ ቶክን (ላይብረሪው እያነበበ የሚያቀብለው ትንሽ ቁራጭ) «ኔም» የሚባል ስትሪንግ (ጽሑፍ) አለው፣ «ቫልዩ» የሚባል፣ ቢኖርም ባይኖርም የሚያስኬድ «ኤኒ» (ማንኛውንም ነገር የሚቀበል ታይፕ) ደግሞ ይከተለዋል። ኮዱ ያለ አንዳች ስህተት ኮምፓይል ይሆናል። የ1250 ብርና የ300 ብር ሽያጭ ስንደምር ግን 01250300 ይወጣል። ጥፋቱ የላይብረሪው ነው ወይስ የእኛ? (ከአዳማ)

መልስ፦ የመግለጫው ነው። ስትሪም-ጄሰን ቁጥርን «ነምበርቫልዩ» በሚባል ቶክን ሲያቀብል ይዘቱ ስትሪንግ ነው። ሆን ተብሎ የተደረገ ነው፤ ጄሰን ውስጥ የሚጻፍ ቁጥር የፈለገውን ያህል ሊረዝም ይችላል፣ የጃቫስክሪፕት ነምበር ግን ሙሉ ቁጥርን ሳያዛባ የሚይዘው እስከ 9,007,199,254,740,991 ድረስ ብቻ ነው። ስለዚህ ላይብረሪው ቁጥሩን እንደተጻፈ ያስረክብና ወደ ነምበር ይቀየር ወይስ ወደ ቢግኢንት (የግዙፍ ሙሉ ቁጥሮች ታይፕ) የሚለውን ለእናንተ ይተወዋል። እናንተ ደግሞ ከ0 ተነስታችሁ በመደመር ምልክት አስከተላችሁት። ከሁለቱ አንዱ ስትሪንግ ከሆነ ያ ምልክት ይቀጥላል እንጂ አይደምርም። ኮምፓይለሩ ዝም ያለው «ኤኒ» አፉን ስለዘጋው ነው።

መፍትሔው ቶክኑን በአንድ ልል ቅርጽ መግለጽ ትቶ በዩኒየን፣ ማለትም «ከእነዚህ ቅርጾች አንዱ» በሚል ታይፕ፣ መግለጽ ነው። ፓርሰሩ (ፋይሉን አንብቦ የሚተነትነው ኮድ) የሚያወጣቸው የቶክን ስሞች 18 ናቸው። 10ሩ መክፈቻና መዝጊያ ናቸው፤ የኦብጀክት፣ የአሬይ፣ የቁልፍ፣ የስትሪንግና የነምበር «ስታርት» እና «ኤንድ»። እነዚህ ቫልዩ ስለሌላቸው ፊልዱ መግለጫው ላይ ጭራሽ አይጻፍ። 5ቱ ስትሪንግ ይይዛሉ፦ «ኪቫልዩ»፣ «ስትሪንግቻንክ»፣ «ስትሪንግቫልዩ»፣ «ነምበርቻንክ» እና «ነምበርቫልዩ»። የቀሩት 3 ይዘታቸው አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ «ነልቫልዩ» ነል፣ «ትሩቫልዩ» ትሩ፣ «ፎልስቫልዩ» ፎልስ ይይዛሉ። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ቡድኖች አንድ አንድ ኢንተርፌስ፣ ለመጨረሻዎቹ 3 ደግሞ ለየራሳቸው ጻፉና «ኔም» የሚለውን ፊልድ በእነዚሁ ስሞች ብቻ ወስኑት፤ ከዚያ ሁሉንም በቁም መስመር አያይዛችሁ ለዩኒየኑ ስም ስጡት። ከዚያ ወዲያ ስዊች ውስጥ «ነምበርቫልዩ» የሚለው ጋ ስትደርሱ ቫልዩው ስትሪንግ መሆኑን ኮምፓይለሩ ያውቃል፤ ነምበር ተብሎ የተገለጸ ድምር ላይ ልትጨምሩት ስትሉ ያስቆማችኋል።

ስዊቹ መጨረሻ ላይ፣ ዲፎልት ውስጥ፣ ቶክኑን «ኔቨር» ለሚል፣ ምንም ነገር ለማይቀበል ታይፕ ስጡት። ሁሉም ስም ከተስተናገደ ያልፋል፤ አንድ ስም ከተረሳ ወይም ነገ መግለጫው ላይ አዲስ ቶክን ከተጨመረ ግን የት እንደጎደለ መስመሩን ይነግራችኋል።

ሁለት ወጥመዶች አሉ። «ምናልባት ሌላ ቶክን ቢመጣ» ብሎ «ኔም» ስትሪንግ የሆነበትን ቅርጽ ዩኒየኑ ላይ መጨመር የመጀመሪያው ነው። ያ ቅርጽ ከማንኛውም ስም ጋር ስለሚገጥም ስዊቹ ከየትኛውም ስም ሥር ሊያስወጣው አይችልም፤ የተለፋበት ሁሉ በዚያች አንዲት መስመር ይፈርሳል። ሁለተኛው የቻንክ፣ ማለትም የቁራጭ፣ ነገር ነው። ላይብረሪው ምንም አማራጭ ካልተሰጠው ቁራጮቹንም የተሟላውንም ይልካል፦ «ዋጋ» የሚል ቁልፍ ሲያገኝ «ስታርትኪ»፣ ቢያንስ አንድ «ስትሪንግቻንክ»፣ «ኤንድኪ»፣ ቀጥሎም ሙሉው «ኪቫልዩ» ይመጣል። ሁለቱንም የሚሰበስብ ኮድ ጽሑፉን እጥፍ ያደርገዋል። ቻንኩ ስንት ጊዜ እንደሚመጣ ላይ መመሥረት ደግሞ የባሰ ነው፤ አንድ ቁጥር እንኳ በበርካታ «ነምበርቻንክ» ተቆራርጦ ሊደርስ ይችላል።

«ፓክኪስ» (ሙሉው «ኪቫልዩ» እንዲላክ የሚያዘው) እና መሰል አማራጮች ሲጠፉ ተዛማጁ ቶክን ስለማይመጣ፣ ታይፑም በአማራጩ መሠረት እንዲለዋወጥ ኮንዲሽናል ታይፕ የሚጽፉ አሉ። እኛ አንመክረውም። ተጠቃሚው አማራጮቹን አስቀድሞ ተለዋዋጭ ውስጥ ካስቀመጠ ፎልስ የነበረው ወደ ቡሊያን ይሰፋና ታይፑ የሁለቱም ድብልቅ ይሆናል፤ የስህተት መልእክቱም ግማሽ ገጽ ይሞላል። 18ቱን ስሞች በትክክል መግለጽ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ረጅም የአማርኛ ጽሑፍ በኖድ (ጃቫስክሪፕትን ከብራውዘር ውጭ በሚያስኬደው) ሳነብ አልፎ አልፎ በሆሄ ቦታ ጥቁር አልማዝ ውስጥ ያለ የጥያቄ ምልክት ይመጣብኛል። ትንሽ ፋይል ላይ አይታይም። የጻፍኩት ፓርሰር የሚቀበለው ስትሪንግ ብቻ ስለሆነ የሚደርሰኝን ቁራጭ በ«ቱስትሪንግ» ቀይሬ እሰጠዋለሁ፤ ታይፑ ላይም ምንም ቅሬታ የለም። (ከጎንደር)

መልስ፦ ታይፑ አልዋሸም፤ የሰጡት በእርግጥ ስትሪንግ ነው፣ ግን የተሰበረ ስትሪንግ። በዩቲኤፍ-8 (ፊደልን በባይት የመጻፊያ ሥርዓት) የአማርኛ ሆሄ እያንዳንዱ 3 ባይት ይይዛል፤ «ሰላም» 3 ሆሄ፣ 9 ባይት ነው። የኖድ «ክሪኤትሪድስትሪም» ደግሞ ሌላ መጠን ካልተነገረው ፋይሉን የሚቆርጠው በየ65,536 ባይት ነው። ይህን ለ3 ያካፍሉት፤ 21,845 ደርሶ 1 ይተርፋል። ስለዚህ ፋይሉ ከዳር እስከ ዳር ሆሄ ብቻ ቢሆን፣ የመጀመሪያው ቁራጭ የ21,846ኛውን ሆሄ 1 ባይት ይዞ ያበቃል፤ ቀሪዎቹ 2 ባይቶች የሚቀጥለው ቁራጭ መጀመሪያ ላይ ይገኛሉ። «ቱስትሪንግ» እያንዳንዱን ቁራጭ ለብቻው ስለሚተረጉም ሁለቱም ወገን ላይ ሆሄውን አያውቀውም። ከ65,536 ባይት ያነሰ ፋይል አይቆረጥምና ጤነኛ ሆኖ ይነበባል። በተለመደው ጽሑፍ ውስጥ ባለ 1 ባይት ክፍት ቦታ፣ ቁጥርና የጥቅስ ምልክት ስለሚገባ ቁርጡ ሆሄ መሃል ይውደቅ ወይም ዳር ይውደቅ ዕድል ነው። «አልፎ አልፎ» ያሉት ለዚህ ነው።

ምርመራው ቀላል ነው። በአንድ ሆሄ ቦታ ሦስት አልማዝ ተከታትሎ ካዩ ቁርጡ ከመጀመሪያው ባይት በኋላ ነው፤ ሁለት ካዩ ከሁለተኛው በኋላ። በየቦታው አልማዝ ከሞላ ግን ይህ በሽታ አይደለም፤ ፋይሉ ከመነሻው ዩቲኤፍ-8 ላይሆን ይችላል።

ፈጣኑ መድኃኒት ስትሪሙ ላይ «ሴትኢንኮዲንግ» ብሎ ዩቲኤፍ-8 ማለት ነው። ያኔ ኖድ የተረፈውን ባይት ይዞ ቆይቶ ከሚቀጥለው ቁራጭ ጋር ያጋጥመዋል። በብራውዘር ወይም ሁለቱም ቦታ በሚሠራ ኮድ «ቴክስትዲኮደር»ን አንድ ጊዜ ብቻ ፈጥረው «ዲኮድ» ባሉ ቁጥር «ስትሪም» የሚለውን አማራጭ ትሩ ያድርጉት። ለእያንዳንዱ ቁራጭ አዲስ ዲኮደር የሚፈጥር ኮድ ከ«ቱስትሪንግ» አይሻልም። መጨረሻ ላይ ያለ አማራጩ አንዴ ይጥሩት፤ የተረፈ ባይት ካለ ያኔ ይወጣል። «ፌታል» የሚለውን ትሩ ካደረጉት ደግሞ በአልማዝ ፈንታ ስህተት ይወረውራል። ፋይሉ መሃል ላይ ተቆርጦ የወረደ ከሆነ በዚህ ይታወቃል።

ዋናው ማስተካከያ ግን ፓርሰሩ ላይ ነው። የ«ራይት» ሜተድ ስትሪንግ ብቻ ይቀበላል ብለው ሲጽፉ ተጠቃሚውን በገዛ እጅዎ ወደ «ቱስትሪንግ» እየገፉት ነው። ባይት እንዲቀበል ያድርጉትና የመፍታቱን ሥራ ፓርሰሩ ውስጥ ያስገቡት። መግለጫው ላይ «ዩኢንት8አሬይ» ይበሉ እንጂ «በፈር» አይበሉ። የኖድ በፈር የዩኢንት8አሬይ ልጅ ስለሆነ ያለ ችግር ያልፋል፤ «በፈር» ካሉ ግን በብራውዘር ብቻ የሚሠራው ተጠቃሚ የኖድን የታይፕ ጥቅል ካልጫነ መግለጫዎ አልነበብ ይለዋል። ስትሪንግም መቀበል ካለበት በተለየ ኦቨርሎድ (ለዚያው ሜተድ በሚጻፍ ሌላ የአጠራር መግለጫ) ይጻፉት፤ አንዱን ፋይል ግማሹን በባይት ግማሹን በስትሪንግ የሚሰጥ ከተገኘ ደግሞ ኮዱ ስህተት ይወርውር፣ ይህን ታይፕ አይከለክልምና።

ለነገሩ ስትሪንግ ራሱ ቢቆረጥም ከአደጋ አያመልጥም። በ2021 ከዩኒኮድ 14 ጋር ለጉራጊኛ አጻጻፍ የተጨመሩት ሆሄያት በዩቲኤፍ-8 4 ባይት፣ በጃቫስክሪፕት ስትሪንግ ደግሞ 2 ርዝመት አላቸው። ስትሪንግን በርዝመት እየቆረጠ የሚያሳልፍ ኮድ እነሱን ከመሃላቸው ይከፍላቸዋል።

ጥያቄ፦ ፓፓፓርስ በሚባለው የሲኤስቪ ፓርሰር ላይ የረድፉን ታይፕ ሰጥቼ፣ ዋጋ ነምበር፣ ስልክ ስትሪንግ፣ ቀን ዴት ብዬ ነበር። ኤዲተሩ ሁሉን ያውቃል፤ ሲሠራ ግን ዋጋው ስትሪንግ ነው፣ ቀኑም ዴት አይደለም። «ዳይናሚክታይፒንግ» ስከፍተው ደግሞ የስልኩ መነሻ ዜሮ ጠፋ። (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ በማዕዘን ቅንፍ የሰጡት ታይፕ ለኮምፓይለሩ የተነገረ ቃል ብቻ ነው። ኮዱ ወደ ጃቫስክሪፕት ሲቀየር ታይፑ ይጠፋል፤ ፓርሰሩ አያየውም። ሲኤስቪ (ዓምዶቹ በኮማ የሚለዩ ሠንጠረዥ) በተፈጥሮው ጽሑፍ ስለሆነ ያለ አማራጭ የሚመጣው ሁሉ ስትሪንግ ነው።

«ዳይናሚክታይፒንግ» የሚሠራው በመልክ ነው፤ ቁጥር የሚመስለውን ሁሉ ቁጥር ያደርጋል። በ09 የሚጀምር ስልክ ቁጥር ስለሚመስል ዜሮው ይሄዳል። በጥቅስ ምልክት ውስጥ ያለ 1,250 ግን ኮማው ስላለበት ስትሪንግ ሆኖ ይቀራል፤ «፲፪» ተብሎ በግእዝ ቁጥር የተጻፈም እንዲሁ። ስለዚህ በአንዱ ዓምድ ውስጥ ነምበርና ስትሪንግ ተደባልቆ ይገኛል። አማራጩ በየዓምዱ ሊሰጥ ይችላል፣ ዋጋ ትሩ፣ ስልክ ፎልስ ተብሎ፤ የኮማውን ችግር ግን አይፈታም።

የምንመክረው ይህን ነው። ከፓርሰሩ የሚወጣውን ረድፍ በሐቅ ይግለጹት፦ ቁልፉም ስትሪንግ፣ ይዘቱም ስትሪንግ የሆነ ሬከርድ። ከታይፕስክሪፕት 4.1 ጀምሮ ያለውን «ኖአንቼክድኢንዴክስድአክሰስ» ይክፈቱ፤ ያኔ እያንዳንዱ ዓምድ «ስትሪንግ ወይም አንዲፋይንድ» ይሆንና የጎደለ ዓምድ እንዲያስተናግዱ ይገደዳሉ። ከዚያ ያንን ሬከርድ ተቀብላ የሽያጭ ታይፕ የምትመልስ አንዲት ፈንክሽን ይጻፉ። ኮማውን የምታነሳው፣ ውጤቱ «ናን» (ቁጥር ያልሆነ) እንዳልሆነ የምታየው፣ የተበላሸውን ረድፍ በቁጥሩ የምትመዘግበው እሷ ናት። ሌላው ኮድ ሁሉ ከእሷ ወዲህ ይኑር።

ቀኑን በተመለከተ፣ ዓመተ ምሕረቱ የኢትዮጵያ ከሆነ «ኒው ዴት» ውስጥ አያስገቡት። «2016-13-05»፣ ማለትም ጳጉሜን 5፣ የማይሠራ ቀን ይሆናል፤ ይህኛው ቢያንስ ይታያል። «2016-06-30» ተብሎ የተጻፈ የካቲት 30 ግን ያለ አንዳች ቅሬታ የፈረንጆች ጁን 30 ሆኖ ይነበባል። ስትሪንግ ሆኖ ይቆይና የመለያ ምልክት የተለጠፈበት የራሱ ታይፕ ይስጡት፤ መለወጫዋ ፈንክሽን ብቻ እንድትቀበለው።

ሲኤስቪ-ፓርስ የሚባለውን ሌላ ላይብረሪ ለሚጠቀሙም አንድ ነገር እንጨምር። ኤክሴል «ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8» ብሎ ሲያስቀምጥ ፋይሉ መነሻ ላይ የማይታዩ 3 ባይቶች ያኖራል። እነሱ ከመጀመሪያው ዓምድ ስም ጋር ይጣበቁና «ስም» የሚለው ዓምድ አንዲፋይንድ ይሆናል፤ ኮንሶል ላይ ሲታተም ግን ልክ ይመስላል። «ቦም» የሚለውን አማራጭ ትሩ ማድረግ ይበቃል። ካልሆነ የዓምዱን ስም ርዝመት ያትሙ፤ «ስም» 2 ሊሆን ሲገባው 3 ካለ እሱው ነው። የዓምድ ስም ላይ ሀ፣ ሐ፣ ኀ እና ሰ፣ ሠ ማደባለቅም ያው ውጤት አለው፤ «ሠፈር» እና «ሰፈር» ለኮምፒውተር ሁለት ዓምድ ናቸው።

ጥያቄ፦ የራሴን ፓርሰር ላወጣ ነው፤ ኮዱ ተራ ጃቫስክሪፕት ነው። መግለጫውን በእጅ ልጻፍ ወይስ ላስወጣ? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ በጄኤስዶክ (ታይፕን በኮድ አስተያየት ውስጥ በመጻፊያ ዘዴ) የተብራራ ከሆነ «አላውጄኤስ»፣ «ዲክላሬሽን» እና «ኤሚትዲክላሬሽንኦንሊ» የሚሉትን ሦስት አማራጮች ከፍተው ያስወጡት፤ ከዚያ በዓይን ይለፉት። ኦቨርሎድና ዩኒየን የበዛበት ክፍል ብዙ ጊዜ ልል ሆኖ ስለሚወጣ እሱን በእጅ ያጥብቁ።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው ወደ ውጭ የሚላከው ነገር አገላለጽ ላይ ነው። ኮዱ «ሞጁል ነጥብ ኤክስፖርትስ» ላይ ፈንክሽኑን ራሱን ካስቀመጠ መግለጫው «ኤክስፖርት እኩል ይሆናል» በሚለው መጻፍ አለበት። «ኤክስፖርት ዲፎልት» ከተባለ ኮምፓይል ይሆንና ሲሠራ «ፈንክሽን አይደለም» የሚል ስህተት ይመጣል። የጥቅሉ ፓኬጅ-ጄሰን ፋይል ውስጥ «ኤክስፖርትስ» ካለ ደግሞ «ታይፕስ» የሚለው ቅድመ ሁኔታ ከሌሎቹ ቀድሞ ይቀመጥ፤ ቅደም ተከተሉ ከላይ ወደ ታች ስለሚነበብ ኋላ ከመጣ አይደረስበትም። ከማውጣትዎ በፊት በ«ኤንፒኤም ፓክ» ጠቅልለው ባዶ ፕሮጀክት ውስጥ ይጫኑትና «ስኪፕሊብቼክ»ን ዘግተው ኮምፓይል ያድርጉ። ያ አማራጭ ክፍት ከሆነ የመግለጫ ፋይል ውስጥ ያለ ስህተት ይሸፈናል።

ጥያቄ፦ ፓርሰራችን በትልቅ ፋይል ላይ ሚሞሪ ይጨርሳል። ይህም ከታይፕ ጋር ይገናኛል? (ከዱባይ)

መልስ፦ አንዳንዴ አዎ። መግለጫው ላይ «ራይት» የሚመልሰው ምን እንደሆነ ይመልከቱ። የኖድ ስትሪም «ራይት» ቡሊያን ይመልሳል፤ ፎልስ ሲል «ሞልቻለሁ፣ ድሬይን እስክል ቆይ» ማለቱ ነው። መግለጫው «ቮይድ» ካለ ተጠቃሚው መልሱን የሚያይበት መንገድ የለውም፤ ማንም ሳይጠይቅ ሁሉም ነገር ሚሞሪ ላይ ይከማቻል። ቡሊያን ብላችሁ አርሙት። ኦብጀክት በሚያሳልፍ ስትሪም ላይ የመሙያው ልክ የሚቆጠረው በባይት ሳይሆን በቁጥር መሆኑንም አትርሱ፤ ካልተነገረው 16 ኦብጀክት ነው፣ እያንዳንዱ 5 ሜጋባይት ከሆነ 80 ሜጋባይት ማለት ነው። «ፓይፕ»ም ስህተትን ወደሚቀጥለው ስትሪም ስለማያሳልፍ በ«ፓይፕላይን» ተኩት።

ጥያቄ፦ ስህተት 7016 ይለኛል፤ ለሞጁሉ መግለጫ አላገኘሁም ነው የሚለው። (ከመቀሌ)

መልስ፦ መጀመሪያ ዴፊኒትሊ ታይፕድ በሚባለው የታይፕ መግለጫዎች የጋራ ስብስብ ላይ የተዘጋጀ እንዳለ ይፈልጉ። ካለ የቨርዥን ቁጥሩ የመጀመሪያ ሁለት ክፍሎች ከላይብረሪዎ ጋር መግጠም አለባቸው፤ ሦስተኛው የመግለጫው የራሱ እርማት ስለሆነ ባይገጥም አያስጨንቅ። ከሌለ በነጥብ ዲ ነጥብ ቲኤስ የሚያልቅ ፋይል ከፍተው «ዲክሌር ሞጁል» ብለው የሚጠቀሙባቸውን ፈንክሽኖች ብቻ ይግለጹ። የፋይሉ አናት ላይ ግን «ኢምፖርት» አይጻፉ። አንድ ኢምፖርት ካለ ፋይሉ ራሱ ሞጁል ይሆንና የጻፉት መግለጫ፣ ለሌለ ነገር የተጨመረ ማሟያ ተደርጎ ይቆጠራል፤ ስህተቱም ባለበት ይቀጥላል። ኢምፖርቱ የግድ ካስፈለገ ከዲክሌር ሞጁሉ ቅንፍ ውስጥ ያስገቡት።